ሠላሳ አምስተኛው ቁልፍ

ብሮምያርድ፣ ሄርፎርድሺር
ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2014

ለኢዝቤል ፍሌት፤

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ ከከፈትሽው ተቀመጪ፤ ከተቀመጥሽም መነጽርሽን ፈልጊ። የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ፤ ሂዩ ፕሮበርት። አልሞትኩም። ሞቷል ብሎ የነገረሽ ሰው ካለ ብዙም አልተሳሳተም፤ አምና ሐኪሞቹም እንደዚያ መስሏቸው ነበር፤ አሳፈርኳቸው።

አንቺስ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ፣ ወገብሽ፣ የዚያ የደሴታችሁ ንፋስ? ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ «ጤናሽ እንዴት ነው?» ማለት እንደማያምር አውቃለሁ፤ ግን ሌላ መግቢያ አጣሁ። አድራሻሽን ያገኘችው የልጅ ልጄ ኔሪስ ናት። ኮምፒውተሯን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገችና «አያቴ፣ ይቺውልህ፤ ስትሮምነስ ውስጥ መዘምራን ታሠለጥናለች» አለችኝ። እኔ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ስፈልግሽ የኖርኩትን... አይ፣ ዋሸሁ። አልፈለግኩሽም። ልፈልጋት ነው እያልኩ ነው የኖርኩት።

ጉዳዬ ይህ ነው። ብሪስቶል ያለ ፕራግነል የሚባል ሰው የባንዳችንን የቶርንባሮውን ስምንት አልበሞች ሰብስቦ በአንድ ሣጥን ሊያወጣቸው ነው። «ማን ይገዛናል?» ብዬ ብጠይቀው «ሚስተር ፕሮበርት፣ ኖርዌይ ውስጥ እናንተን ብቻ የሚያዳምጥ ማኅበር አለ» አለኝ። ለኖርዌይ አዘንኩላት። አንድም ቀን መድረክ ላይ ወጥተን ስለማናውቅ ጋዜጦቹ «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች አሉ ወይ?» ይሉን እንደነበር ታስታውሺያለሽ? ነበርን እኮ፤ የፖም መጥመቂያ ጎተራ ውስጥ፣ በሱፍ ካልሲ፣ ስለ አንዲት ንብ የሃያ ሁለት ደቂቃ ዘፈን እየቀዳን።

ከሣጥኑ ጋር ትንሽ መጽሐፍ ይታተማል፤ በየአልበሙ ማን ምን እንደተጫወተ የሚናገር ማውጫ። ሮላንድ ከበሮውን ይዞ ወደ ሰማይ ሄዷል፤ መላእክቱ እንቅልፍ አጥተዋል ማለት ነው። ጊታር ተጫዋቻችን ክሪስፒን የራሱን ስም ሳይቀር ረስቷል። ስለዚህ ማውጫው እኔ ላይ ወደቀ። በመጀመሪያዎቹ አራት አልበሞች ላይ የዘፈንሽው አንቺ ነሽ። ሽፋኖቹ ግን «ኢዝቤል» ብቻ ነው የሚሉት፣ የድመት ስም ይመስል። ሙሉ ስምሽን ልጻፍ ወይ? የባል ስም ይዘሽ ከሆነም ንገሪኝ፤ አልቀናም። ትንሽ ብቻ።

ሂዩ

ያ እንደ ኦርጋን ያለው መሣሪያችን፣ ሜሎትሮኑ፣ አሁንም አለ። ሳሎኔ ውስጥ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። እንግዶች የሬሳ ሣጥን ይመስላቸውና ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።


ስትሮምነስ፣ ኦርክኒ
ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2014

ሂዩ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ደህና ነኝ። ንፋሱ የዶሮ ቤቴን ክዳን ጎረቤት ጓሮ ጣለው፤ ዶሮዎቹ ደህና ናቸው። ባሌ ማግኑስ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። የአባቴን ስም ትቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ሙሉ ስሜን ጻፍ።

አሁን ደግሞ እኔ ልቁጠር። አንተ አራት ትላለህ። እኔ የማውቀው ስምንት ነው።

በ1977 መጸው ላይ ስክራብስተር ወደብ ቆሜ ወደ ቤቴ የሚወስደኝን መርከብ እጠብቅ ነበር። አጠገቤ የቆመ የዓሣ መኪና ሬዲዮውን ከፍቶታል። አንዲት ሴት ያለ ቃል ትዘፍናለች። ድምፁ የእኔ ነው። ዜማውን ግን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ሾፌሩን «ማን ናቸው?» አልኩት።

«ቶርንባሮው የሚባሉ እብዶች ናቸው» አለኝ።

«ሴትየዋስ?»

«የምን ሴት? ማሽን ነው እኮ እመቤት፤ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል።»

መርከቡ ስትሮምነስ እስኪደርስ አፌን አልከፈትኩም። ብናገር የማይወጣልኝ መስሎኝ ነበር።

ጥያቄዎቼን በሌላ ወረቀት ጽፌ አብሬ ልኬልሃለሁ። አምስት ናቸው። ያለ ቀልድ መልስልኝ።

ኢዝቤል


ብሮምያርድ
ማርች 1 ቀን 2014

ኢዝቤል፤

ጥያቄዎችሽን የያዘችውን ወረቀት ከሻይ ማንቆርቆሪያው ጋር አስደግፌ አራት ቀን ተያየን። ያለ ቀልድ ብለሻል። ዓሣን ያለ ውሃ ዋኝ እንደማለት ነው፤ እስቲ ልሞክረው።

ለመጀመሪያው፦ አዎ፣ አንቺ ነሽ። በ1975 ማርች ወር ጎተራው ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ለሜሎትሮኑ ድምፅ ሰጥተሽናል፤ ከታች ወደ ላይ፣ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን ኖታ ስምንት ስምንት ሰከንድ። ያንን ቆራርጠን ቁልፎቹ ሥር አስገባነው። በቀደም ኔሪስ እንዴት እንደሚሠራ ብትጠይቀኝ እንዲህ አልኳት፦ «ሠላሳ አምስት ቁልፍ አለው። በየቁልፉ ሥር የቴፕ ክር አለ። ስትጫኚው ክሩ ይሄዳል፣ የተቀዳው ሰው ይዘፍናል። ስምንት ሰከንድ ሲሞላ ክሩ ያልቃል። ጣትሽን ስታነሺ ደግሞ ስፕሪንጉ ወደ መነሻው ይስበዋል። ካላነሣሽ አይመለስም፤ የፈለግሽውን ያህል ብትጫኚ ዝምታ ብቻ ነው።»

«ታዲያ የተቀዳችው ሴት ማን ናት?» አለችኝ። ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሣሁ።

ለሁለተኛው፦ ከሄድሽ በኋላ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን በእነዚያ ክሮች ሠራናቸው። ሽፋኑ ላይ «የሴት ድምፅ፦ ማሽን» ብሎ የጻፈው ማን እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ ነኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ መጽሔት «በእንግሊዝ አገር ካሉት ማሽኖች ሁሉ ነፍስ ያለው ይህ ብቻ ነው» ብሎ አሞገሰኝ። እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን አዲስ ኮት ገዛሁና ፎቶ ተነሣሁ።

ለሦስተኛው፦ ሌላ ሰው ተጫውቶብሽ አያውቅም። ባለቤቴ ዲሊስ ነፍሷን ይማርና ታሪኩን ታውቅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራሽን የምትጠርገው እሷ ነበረች። «ሴትዮህን አጽድቻታለሁ፤ አሁን አንተ ደግሞ እግርህን ጥረግ» ትለኝ ነበር። እኔም የምነካሽ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማርች ላይ። ክሩ አርጅቷል፤ በተጫንኩት ቁጥር ቡናማ ዱቄት ያራግፋል። ስሰማሽ እያለቅሽ ነው ማለት ነው።

ለአራተኛው፦ የጠየቅሽኝ የጫፉ ቁልፍ አይሠራም። የሰጠሽን ሠላሳ አራት ነው። የመጨረሻውን፣ የላይኛውን ጫፍ ሳትዘፍኚ ሄድሽ። ሠላሳ አምስተኛው ቁልፍ ክር የለውም፤ ሲጫኑት እንጨቱ ብቻ «ጠቅ» ይላል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የጻፍኳቸው ዜማዎች ሁሉ እስከ ደጁ ይወጡና ሳያንኳኩ ይመለሳሉ። ኖሪች ያለ አንድ መምህር ይህን አስተውሎ አሥራ አንድ ገጽ ጽፏል፤ «ቶርንባሮው ከፍጹምነት ፊት ለምን ያፈገፍጋሉ?» ብሎ። ሳነበው እንባዬ መጣ። ለኔሪስ ከሳቅ ነው አልኳት።

ለአምስተኛው፦ ለምን እንደሄድሽ አላውቅም። አውቶቡስ ይዛ ሄደች ነው ያሉኝ።

ሂዩ


ብሮምያርድ
ማርች 24 ቀን 2014

ኢዝቤል፤

ሦስት ሳምንት ሆነ። ፖስተኛው ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ መቀየር ጀምሯል። ትናንት «ሚስተር ፕሮበርት፣ ዛሬም ከኦርክኒ ምንም የለም፤ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ብቻ ነው ያለህ» አለኝ። «እሱን መልሰህ ውሰደው፤ የቀሩኝ ጥርሶች በስም የምጠራቸው ናቸው» አልኩት።

አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። ባለፈው ደብዳቤ የነገርኩሽን ሁሉ ለፕራግነልም ነግሬዋለሁ። አሁን እሱ የሚለው፣ አንቺ ካልፈቀድሽ የኋለኞቹ አራት አልበሞች ከሣጥኑ ይወጣሉ። ልክ ነህ አልኩት። ማውጫውን የሚፈልገው እስከ ሜይ መጨረሻ ነው። እንቢ ካልሽ «እንቢ» ብለሽ ፖስትካርድ ላኪልኝ፤ በግ ያለበት ቢሆን ደስ ይለኛል።

አልበሞቹ ባይወጡ አልሞትም። ኖርዌይም ትጽናናለች። የምፈራው ሌላ ነው፤ ያቺ «እንቢ» የመጨረሻ ደብዳቤሽ እንዳትሆን ነው። ዘንድሮ ማርች ላይ ጨርቁን አላነሣሁም። የመነካት ፈቃድ የምትሰጥ ሴት በሕይወት እያለች ሳልጠይቅ መንካት አስቀያሚ ሆነብኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ መምጣቱ ነው እንጂ ጨዋነትስ አለኝ።

ሂዩ


ስትሮምነስ
ኤፕሪል 6 ቀን 2014

ሂዩ፤

የዘገየሁት አኩርፌ አይደለም። ለፋሲካ መዘምራኑን እያዘጋጀሁ ነው፤ ሁለቱ ወንዶች ተጣልተው አንዱ ላንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚዘምረው። ደግሞም ለአምስተኛው ጥያቄዬ የሰጠኸኝ መልስ ውሸት ስለሆነ፣ ምን እንደምልህ ማሰብ ነበረብኝ።

ለምን እንደሄድኩ ታውቃለህ።

ሐሙስ ነበር። ሠላሳ አራተኛውን ጨርሼ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ። ወለሉ እንዳይንቋቋ ስዘፍን ጫማዬን አወልቅ ነበር፤ አንተው ነህ ያስለመድከኝ። ስመለስ በባዶ እግሬ ስለነበርኩ አልሰማችሁኝም። ሮላንድ «እንግዲህ ኢዝቤልን ምን ልናደርጋት ነው?» አለህ። አንተም እንዲህ አልክ፦ «ማንን? በሣጥን ከተናት እኮ! አይርባትም፣ አይበርዳትም፣ አታኮርፍም። ጣትህን ስታሳርፍባት ትዘፍናለች፣ ስታነሣ ዝም ትላለች። እንዲህ ያለች ሴት ከየት ትገኛለች?»

ሁላችሁም ሳቃችሁ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የአንተ ሳቅ ነበር።

ቀልድ እንደነበር አውቃለሁ። ያኔም አውቄዋለሁ። ግን ከዚያ በፊት የነበረው እሑድ፣ ፖም ዛፎቹ ሥር፣ እንድንጋባ ጠይቀኸኝ ነበር። በሕይወትህ ሳትቀልድ የጠየቅከኝ አንድ ነገር እሱ ብቻ ነው። «እስከ ሐሙስ አስቢበት» አልከኝ። አሰብኩበት። ሠላሳ አምስተኛውን ዘፍኜ፣ ሥራው ሲያልቅ፣ መልሱን ልነግርህ ነበር። ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሄድኩ።

ምን ልመልስልህ እንደነበር አትጠይቀኝ።

አልበሞቹን አሳትማቸው። ሰዎቹ ይስሙኝ። ግን ማውጫው ላይ እውነቱ ይጻፍ፤ እንዴት እንደሆነ፣ በማን እንደሆነ።

ኢዝቤል


ብሮምያርድ
ኤፕሪል 14 ቀን 2014

ኢዝቤል፤

አውቃለሁ። የበሩን ድምፅ ሰምቼ በመስኮት አየሁሽ፤ ጫማሽን ይዘሽ በጭቃው ስትሄጂ። አልሮጥኩም። «ነገ ስትመለስ በዚህ እቀልድባታለሁ» ብዬ ነበር። ቀልዱንም አዘጋጅቼው ነበር። በማግስቱ አልመጣሽም። ቀልዱ እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አለ፤ አልዋጥኩት፣ አልተፋሁት።

ይቅር በይኝ።

ለፕራግነል የላክሁት ማውጫ ይህ ነው፦

ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው አልበም፤ ድምፅ፦ ኢዝቤል ፍሌት።

ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው አልበም፤ ድምፅ፦ ኢዝቤል ፍሌት፤ ሳትጠየቅ፣ በሌለችበት። ቁልፎቹን የተጫነው፦ ሂዩ ፕሮበርት። «ማሽን» ብሎ የጻፈውም እሱ ነው።

ፕራግነል ደወለልኝ። «ሚስተር ፕሮበርት፣ እንዲህ ተብሎ የተጻፈ ማውጫ አይቼ አላውቅም» አለኝ። «እንዲህ ያደረገ ሰውስ አይተሃል?» አልኩት። «አላየሁም» አለኝ። «እንግዲያው እንዳለ አትመው» አልኩት።

ስለ መጨረሻው ቁልፍ ምንም አልጠይቅሽም።

ሂዩ


ብሮምያርድ
ሜይ 9 ቀን 2014

ኢዝቤል፤

ፖስትካርድሽ ላይ ያለችው በግ በሰላም ደርሳለች። መስኮቱ ላይ አቆምኳት፤ አንቺን ትመስላለች ልል ነበር፣ ተውኩት። እያደግኩ ነው።

ከኋላዋ የጻፍሽውን አንድ ጥያቄ ብቻ ልመልስ። የላይኛው ጫፍ «ፋ» ነው። አንቺ ደግሞ አልረሳሽውም። መዘምራን ይዛ አርባ ዓመት የኖረች ሴት «የትኛው ኖታ ነበር?» ስትለኝ፣ ከጥያቄው ሌላ ነገር እሰማለሁ። ምን እንደምሰማ ግን አልናገርም፤ ብናገር በንፋስ የሚበር ነገር ይመስለኛል፣ እንደ ዶሮ ቤትሽ ክዳን።

ስለ ጤናዬ የጠየቅሽው ለኔሪስ የጻፍሽላት ደብዳቤ ውስጥ መሆኑን ደርሼበታለሁ። ሁለት ሴቶች ከጀርባዬ! ልቤ ደህና ነው። ሐኪሙ ደረጃ አትውጣ ብሎኛል፤ ቤቴ ደረጃ የለውም፤ ተስማምተናል።

ሂዩ


ብሮምያርድ
ጁን 11 ቀን 2014

ለኢዝቤል፤

ጥቅሉ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ደረሰ። መጀመሪያ የሩባርብ ማርማላታውን አገኘሁ፣ ቀጥሎ የገብስ ቂጣውን። ቂጣው በመንገድ ላይ ጠንክሮ የጣሪያ ድንጋይ ሆኗል፤ በሻይ ነክሬ በላሁት። ካሴቱ ከታች ካልሲ ውስጥ ነበር። የሱፍ ካልሲ። ገብቶኛል።

የጠየቅሽኝን በተራ እመልሳለሁ።

ብቻዬን አይደለም የሰማሁት። ካሴት ማጫወቻ ስላልነበረኝ ኔሪስ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ፈልጋ አመጣችልኝ፤ ልትወጣ ስትል ቁጭ በይ አልኳት። ብቻዬን መስማት ፈራሁ። ይህ ቀልድ አይደለም።

መጀመሪያ ንፋስ ተሰማ። ቀጥሎ አንዲት ዶሮ አስተያየት ሰጠች። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ሳብሽ፤ ያንን ትንፋሽ ከሺህ ሰው መካከል አውቀዋለሁ። ከዚያ ዘፈንሽ። አልደርስበትም ብለሽ ጽፈሽልኛል፤ እውነትሽን ነው፣ አልደረስሽበትም። ስምንት ድምፅ ወደ ታች ወርደሽ፣ «ፋ»ን በአሮጌ ድምፅ ዘፈንሽው። አምስተኛው ሰከንድ ላይ ተሰነጠቀ። አልተውሽውም፤ ተሰንጥቆም ያዝሽው፤ እስከ ስምንት። መጨረሻ ላይ ለራስሽ «በቃ» ስትዪ ይሰማል።

ኔሪስ አይኗን ጠርጋ «አያቴ፣ ይሄ እኮ በኮምፒውተር ይጸዳል። ስንጥቁ ይደፈናል፣ ወደ ላይም ይወጣል። ከሌሎቹ ጋር እኩል ወጣት ትሆናለች» አለችኝ።

«አንቺስ በኮምፒውተር ጨዋ ትሆኛለሽ?» አልኳት።

እንዳለ ወደ ክሩ ገለበጥኩት፤ ንፋሱንም፣ ዶሮዋንም። በመቀስ የቆረጠችው ኔሪስ ናት፤ ቁልፉ ሥር ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ። ይህን አሳልፌ አልሰጥም። አልበሞቹ ውስጥ አልገባም፤ ፕራግነልም አልሰማውም፣ ኖርዌይም አትሰማውም። ይህ ከስምንቱ አንዱ አይደለም።

አዎ፣ ተጫወትኩት። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ በጫማ ሳይሆን በካልሲሽ። ጨርቁን አነሣሁና ከታች ጀመርኩ። አንድ በአንድ ወጣሁ። ሠላሳ አራቱም ላይ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ነሽ፤ ጎተራው ውስጥ ቆመሽ፣ ሐሙስ እስኪመጣ የምታስቢው ነገር ያለሽ። በየቁልፉ ያ ሐሳብ ይሰማኛል፤ ድሮ አልሰማውም ነበር፤ ወይ ጆሮዬ ተሻሽሏል፣ ወይ አርጅቼ ሞኝ ሆኛለሁ። ሠላሳ አራተኛው ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ልመለስ ነበር። ጣቴ መንገዱን ያውቀዋል፤ እዚያ ሲደርስ ራሱ ይዞራል። አስገደድኩት።

ተጫንኩ። መጣሽ፤ ከነንፋስሽ፣ ከነዕድሜሽ። በሩን ከፍተሽ የገባሽ መሰለኝ፤ አንገቴን አዙሬ እስከማየት ደረስኩ። ኔሪስ አይታኛለች፤ አልካድም።

የእሑዱን ጥያቄ በደብዳቤሽ ውስጥ ፈለግኩት፤ አልነካሽውም። እኔም አልደግመውም። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያንን ቁልፍ ሳልጫን መልስሽን ጣቴ ሥር ይዤ የኖርኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ገባኝ፤ ይዤ የነበረው አንቺን ነው፤ መሄድሽን ሳላምን፣ መመለስሽንም ሳልጠብቅ፣ ጣቴን ሳላነሣ።

ስምንት ሰከንድ ሞላ። «በቃ» አልሽ። ከዚያ በኋላ ብጫን ምንም እንደማይሰማ አውቃለሁ፤ የመሣሪያው ጠባይ ነው፤ ጣት ካልተነሣ ክሩ አይመለስም። ትንሽ ቆየሁ። ኔሪስ «አያቴ» አለችኝ በቀስታ።

አነሣሁት።

ሂዩ